ከብሎኑ ሥር የተገኘው ቀለም

የእህቴን ባል ይቅር ብየዋለሁ። ነገሩ ትዝ ሲለኝ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ የእኔ ደም ሲፈላ ደግሞ የሰፈሩ ውሾች መጮህ ያቆማሉ። ሞተር በሕልሙ ፈትቶ የሚገጥም ሰው፣ በገዛ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ «ሌባ ቀጥረሃል» ይባላል? እኔን!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ አዋላጅ ናት። የምትነዳው የአባቷን መኪና ነው፤ አባቷ ከሹፌርነት ጡረታ ሲወጣ ለልጁ የለቀቀላትን፣ ከነፍሱ ቀጥሎ የሚሳሳላትን አሮጊት መኪና። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ከዓለም ቦታ ሁሉ ተመርጦ፣ ልክ ጋራዤ በር ላይ ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ፣ ተቆርጦ ወደቀ። ድምፁን አትጠይቁኝ። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ግማሽ ጢም ላጭቶ፣ ግማሹን ትቶ ሮጦ ወጣ።

በያጄ ግን ከሁሉም ቀድሞ ደርሷል። «ፍም» ነው የምንለው፤ ከእሳት ጋር ስለሚውል ብቻ ሳይሆን ሴት ቀና ብላ ካየችው እስከ ጆሮው ስለሚቀላ ጭምር። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ የወደቀውን ቧንቧ በጨርቅ ይዞ አነሳ።

«ይሄ የእርስዎ ነው?» አላት።

«አይ፣ ከሰማይ የወረደ ነው።»

ሳቀ። ቧንቧው የጋለ መሆኑን የረሳው ያኔ ነው። እሷ ፋሻ አውጥታ አሰረችለት፤ ለአንዲት ጣት ቃጠሎ እስከ ክርኑ ድረስ! በሕይወቴ ብዙ ፋሻ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀስ ተብሎ የታሰረ ግን አላየሁም።

ማርሚታው ተበየደ። በነጋታው ተመልሳ መጣች። «ጭስ ውስጥ ድረስ ይገባል» አለች። እውነቷን ነበር፤ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ፍም ከመኪናው ሥር ተኛ፤ እሷ ሞተሩ እየሠራ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ትደፍናለች። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በቀዳዳው በኩል «ሲስስ» ይላል፤ ቦታው በድምፅ ይገኛል።

«ያዝሽው?» ይላል ከሥር። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል።

«ይዣለሁ።»

«ልቀቂው።»

«ድምፁን ገና አልሰማህም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። እጅሽ እንዳይደክም ብዬ ነው።»

በመሃላቸው አንድ ቶን ብረት አለ፤ ዝምታው ግን እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ይሞቃል። ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ጆሮዬ ከሐኪም ማዳመጫ ይበልጣል።

የሚያፈሰውን መጋጠሚያ አስተካከለ። ቧንቧውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን የዛገ ድጋፍም አውጥቶ በአዲስ ብረት ሠራላት፤ ብርማ ቀለምም ቀባው። ከዚያ በኋላ «ትንሽ ይሸተኛል» እያለች መመላለስ ጀመረች። ምን ይሸታታል! የእኔ አፍንጫ የቤንዚን ጠብታ ከሦስት ሰፈር ማዶ ይለያል፤ ከዚያ መኪና ምንም አይሸትም ነበር። ወሩ ሳያልቅ መዋደዳቸውን ለአባቷ ሊነግሩት ተስማሙ።

መናገሪያው ቀን ሳይደርስ መኪናዋ ተበላሸች። የባትሪዋ ቀይ መብራት በራ፤ ፋኖሶቿ ፈዘዙ። ልጅቷ ለምጥ ተጠርታ ስትወጣ ሞተሩ አልነሳ አላት፤ በእግሯ ሮጣ ደረሰች።

አባቷ እንደ ጎርፍ ጋራዤ ውስጥ ገባ።

«ደህናውን ዲናሞዬን ፈትቶ የሞተ ገጥሞልኛል! ያ በያጅህ! ከእሱ ሌላ እጁን ያስገባባት ሰው የለም!»

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን ሰብስብ!» አልኩት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ተንቀጠቀጠ።

«አልሰበስብም! ልጄም ከእንግዲህ እዚህ በር አትደርስም!»

ሠራተኛው ሁሉ ሰማ፤ ደንበኛም ሰማ። ፍም የቆዳ ሽርጡን ፈትቶ መሣሪያውን ወደ ቦርሳው ይከት ጀመር። እኔ በንዴት ልፈነዳ ስል ልጅቷ ከሥራ በቀጥታ መጣች።

«ልትሄድ ነው?»

«ሌባ ካለኝ ሰው ልጁን አልጠይቅም።»

«ሳትጠይቀኝ ብትሄድ ነው ሌባ የምልህ» አለችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ እኔ ሴት ምጥ ይዟት ስትጮህ ጎረቤት አልከስም። እጄን አሳርፌ አያለሁ። አንተስ መኪናዋን አይተሃታል?»

መኪናዋ ተገፍታ መጣች። በሌላ ባትሪ አስነሳናት። አባት እጁን አጣምሮ ቆመ።

ባትሪዋ ላይ ለካን፤ ኃይሉ እየወረደ ነው።

«ያው!» አለ አባት።

«ገና ነው» አልኩና መለኪያውን ዲናሞው ላይ አሳረፍኩ። አሥራ አራት ቮልት! «ዲናሞህ እንደ ኮርማ ነው የሚሠራው! የሰረቀህ ማነው? ንገረኝ እንጂ!»

«ታዲያ የሚያመነጨው የት ይገባል? ትጠጣዋለህ?»

ፍም ሞተሩን ትክ ብሎ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ሄዶ የብየዳውን ማሳ ጎትቶ መጣ። ማሳ የምንለው ኤሌትሪኩ ዞሮ የሚመለስበትን ገመድ ነው፤ እሱ ከሌለ ብየዳም የለም፣ መኪናም የለም። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ አካል፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አገናኘ።

ፋኖሶቹ ቦግ አሉ።

ማንም ሳይጠይቀው ሞተሩን አጥፍቶ ከሥር ገባ፤ ብሎን ፈትቶ ያንን የሠራውን ድጋፍ ይዞ ወጣ። የመኪናዋ ማሳ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ ሳይቀር በቀለም ተሸፍኗል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ቀለም ኤሌትሪክ አያሳልፍም። እኔ ነኝ ያበላሸኋት።»

«በያጅ ሆነህ ማሳ ላይ ቀለም?» ጮህኩ። «የእኔን ስም በቀለም ልታጠፋው?»

አባት ግን ብረቱን ተቀብሎ አገላበጠው። ጀርባው፣ ጠርዙ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ውስጡ ሳይቀር ተደርቦ ተቀብቷል።

«ማን ሊያየው ነው ከሥር እንዲህ የቀባኸው?»

«ማንም። ዝገት እንዳይነካት ብዬ ነው።»

«መኪናዋን?»

የፍም ጆሮ ቀልቶ መለሰ። የእህቴ ልጅ መሬት መሬት አየች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ፀጉሯ ሸፍኖባት አልለየሁም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስይዛት» አለ አባት፣ «እኔ ከሥሯ ቀብቼላት አላውቅም።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሌባ ስለው የሰማችሁ፣ አሁንም ስሙ! ሌባ አይደለም!»

ከመደርደሪያዬ ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ሰጠው።

«ገመዱ የሚያርፍበትን ብቻ ፋቀው። ሌላውን ተወው፤ ያምራል። ሲያልቅ ሁለታችሁም ይዛችኋት ወደ ቤት ኑ።»

እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ? አልጠየቀኝም! የገዛ መደርደሪያዬን ሲበረብር እንኳ «በፈቃድህ» አላለም። ሠርጋቸው ላይ ይህንኑ ለሙሽሪት ስነግራት ጉንጬን ሳመችና «አጎቴ፣ ያለ አንተ ምን እንሆን ነበር?» አለች። እውነቷን ነው።

ዛሬም እሁድ እሁድ እነሱ ግቢ ስሄድ መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ይሠራል። ፍም ከሥር ተኝቷል፤ እሷ እርጥቡን ጨርቅ ይዛ ከኋላ ቁጢጥ ብላለች።

«ልቀቂው» ይላታል።

«አልለቅም» ትላለች።

እዚያ መኪና ላይ የሚያፈስ ነገር እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።