አይጧ እያወቀች ሄደች

ባጁን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁት፣ በሩን ከፍቼ አስገባኋት...

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የሚያምን ይመን፣ የማያምን ይተወው፤ ለመከራከር አቅም የለኝም። ጊዜው አመሻሽ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ቦታው የስብሰባ አዳራሽና የእንግዳ ማረፊያ አንድ ላይ ያሉበት ትልቅ ሕንፃ ነው።

ልጄ ተመራማሪ ናት። የእንስሳት አእምሮ ባህሪያቸውን እንዴት እንደሚመራ የሚያጠኑ ሰዎች ከየአገሩ ተሰብስበው ነበር፤ እሷም ጥናቷን እንድታቀርብ ተጠራች። የአራት ወር ሕፃን ታጠባለች። ሚጡን የሚይዝላት ሰው ስላስፈለጋት እኔ ተከተልኳት። ለሌላ ሰው አላምናትም። እኔ እንደሆንኩ ትን አላት፣ ወደቀች፣ ሰረቋት እያልኩ ነው የምኖረው። ልጄ "እማዬ፣ አንቺ ክፉ ነገርን ገና ከቤቱ ሳይነሳ በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ" ትለኛለች።

ከሰዓት በኋላ እሷ ስታቀርብ ሚጡን ታቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ አይጥ ለማውራት ይህ ሁሉ ሰው በአውሮፕላን መምጣቱ ገርሞኝ ነበር፤ እኛ ቤት ጓዳ ቢገቡ በነፃ ያዩ ነበር።

ቋንቋው አልገባኝም። ፊልሙ ግን ገባኝ።

አንዲት እናት አይጥ ልጆቿን ታቅፋ ተኝታለች። ከሳጥኑ ማዶ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለ። ከማጉያው የአይጥ ልጅ ለቅሶ ይለቀቃል፣ የተቀዳ። እናቲቱ ጆሮዋን ታቆማለች... ልጆቿን ከጡቷ ታላቅቃለች... ሄዳ ማጉያውን አቅፋ ትተኛለች።

ልጆቿ ጎጇቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ።

በእረፍት ሰዓት ልጄን ጠየቅኳት። "ልጇ እንዳልሆነ አታውቅም?"

"ታውቃለች" አለችኝ። "ሽታው የልጇ አይደለም። ታውቃለች... ግን ትሄዳለች።"

ይህን ብላ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው የስብሰባ መታወቂያ፣ የባጁ ገመድ አንገቷን እንደፈገፈጋት ነገረችኝና አውልቃ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሷ ወደ መዝጊያው ንግግር ተመለሰች፤ እኔ ሚጡን ይዤ ወደ ክፍላችን ወጣሁ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

ልጄ ናት። ፊቷ ጠውልጓል። ደክሞኛል ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ወገቤ ተቆርጦ ስለነበር ብዙ አላየኋትም። ሚጡ ርቧት ታለቅስ ነበር፤ አስታቀፍኳት።

ሚጡ ዝም አለች።

ጡት አልፈለገችም። ዓይኗን አፍጥጣ ብቻ ታያታለች...

ልጄ፣ ሚጡ ስታለቅስ ገና ሳታቅፋት ወተቷ ይፈሳል። ሸሚዟ ሁልጊዜ በስብሶ ነው የሚገኘው፤ በዚህ ስንት ጊዜ ስቀንባታል። አሁን ደረቷን አየሁ።

ደረቅ ነው።

ድካም ወተት ያደርቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፎጣ ላወጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እጄ ገመድ ነካ...

የልጄ ባጅ። ፎቶዋ ያለበት።

ቀና አልኩ። አልጋው ላይ የተቀመጠችውም አንገቷ ላይ አንድ አለ።

ያኔ ከበሩ ውጭ ሹክሹክታ ሰማሁ። "እማዬ... ክፈቺልኝ። ሸሚዜ በሰበሰ።"

አልጮህኩም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የምጮህ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰው ሲደክመው መጮህም ይከብደዋል።

"ሽንት ጨርቋን ልቀይርላት፣ ስጪኝ" አልኩ።

ሰጠችኝ። ሳታቅማማ ነው የሰጠችኝ። ይህን ዛሬም አስበዋለሁ።

ልጅቷን ይዤ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ ልጄ ቆማለች፤ አንገቷ ባዶ፣ ሸሚዟ ርጥብ። ከአዳራሹ ገና አሁን መውጣቷ ነው። የሕንፃው ጥበቃ መጥቶ ክፍሉን ፈተሸ። ማንም የለም። መስኮቱ ከውስጥ ተዘግቷል፤ የአልጋው ልብስ እንኳ አልተጨማደደም። ጥበቃው ለልጄ፣ እናትሽ ትረፍ፣ መንገድ ጎድቷት ይሆናል ብሎ ሌላ ክፍል ሰጠን።

አዲሱ ክፍል ገብተን ልጄ ለሚጡ ጡት ሰጠቻት። አፏን አልከፈተችም። እንቅልፍ ይዟት ነው ተባባልንና እኔ ትከሻዬ ላይ አደረግኳት።

በሩን ልቆልፍ ቁልፉን ስይዝ ለቅሶ ተሰማ።

ከኮሪደሩ። ቀጭን፣ የራበው፣ መሃል ላይ ትንፋሽ እያጠረው የሚቆራረጥ...

የሚጡ ለቅሶ ነው።

ሚጡ ትከሻዬ ላይ ናት።

ወደ ልጄ ዞርኩ። ሸሚዟ ደረቷ ላይ መርጠብ ጀምሯል።

"ይቻትና ሚጡ" አልኳት በሹክሹክታ። "ያ ድምፅ ብቻ ነው። ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ፣ እማዬ" አለች።

እንዲህ እያለች ወደ በሩ ትመጣለች...

እጇን ከእጀታው ላይ አላቀቅኩ። ለቅሶው አሁን ከበሩ ማዶ፣ ከወለሉ፣ ከእግሬ አጠገብ ነው የሚመጣው። ልጄ ክፈቺ አላለችኝም። ሸሚዟን ጨብጣ ቆመች እንጂ።

ትከሻዬ ላይ ያለችው ልጅ ቀና አለች። አላለቀሰችም። ዓይኗን አፍጥጣ፣ ቁልፉን የያዘውን እጄን አየች።

ቁልፉን አዞርኩት፤ በሩ ተቆለፈ።