ጠመኔው በማን ስልክ ማን ነበር?

የኬሚስትሪው መምህር ከቤተ ሙከራው ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። እግሮቹ ገና ደረጃው ላይ ናቸው፤ ማጅራቱ ግን ሲሚንቶው ላይ ተፈጥፍጧል። ኢንስፔክተሯ ከመድረሷ በፊት ግቢው ፍርዱን ጨርሷል፤ «አፍሮ ራሱን ጣለ» ተብሏል። አይ ሰው! ለወሬ ሲሆን ማን ይቀድመዋል!

ማፈሩስ እውነት ነው። አራት የሥራ ባልደረቦች ብቻ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ፣ ፈተና ማረም ሰልችቶት «እነዚህ ልጆች ጭንቅላታቸውን ቤት ትተው ነው የሚመጡት» ብሎ ቀለደ። አንዱ ስክሪንሾት አንስቶ በሐሰተኛ አካውንት የወላጆች ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ጉድ ፈላ! የሥነ ምግባር ኮሚቴ ለማክሰኞ ቀጠረው። ሰኞ ሞተ።

ሚስቱ የኢንስፔክተሯን እጅጌ ይዛ አልለቅም አለች።

«ባሌ ራሱን አላጠፋም። ልጆቼ አባታችን ትቶን ሄደ እያሉ እንዲያድጉ አልፈልግም። እባክሽ እህቴ!»

«ስልኩን መክፈት ትችያለሽ?»

ከፈተችው። መጨረሻ ያየው ያንኑ ስክሪንሾት ነበር፤ ያውም ከቀልዱ በላይ የራሱ ስም ያለበትን ቦታ አጉልቶ። «ወንድምዬ» ይላል።

«ባልሽን ወንድምዬ የሚለው ማነው?»

«እኔ እንጃ! ሁሉም ጠመኔው ነው የሚሉት፤ ልብሱ ከጠመኔ ጸድቶ አያውቅማ።»

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ‹እኔ ምን አደረግኩ?› እያለ ሲጮህ ሰምቻለሁ። የሌላውን ሰው ድምፅ ግን አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለምን አልወጡም?»

«ፈርቼ ነዋ! እኔም እኮ ቀልዱን ስቄበታለሁ። ኮሚቴው እኔንም ቢጠራኝስ?»

በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተሯ የቀሩትን ሦስት የግሩፑ አባላትና ሚስቱን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰበሰበች። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን ያያል። የሒሳብ መምህርቷ፣ የሟቹ የኮሌጅ ጓደኛ፣ ሚስቱን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ራሱን የሚጥል ሰው ቁልቁል እያየ ነው የሚወድቀው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እሱ ግን ወደ ኋላ ነው የወደቀው። ፊቱን ከላይ ወደቆመ ሰው አዙሮ ነበር። ወደ ማን? ስክሪንሾቱን ወዳነሳው ሰው። ግሩፕ ውስጥ የሰው ስም የሚታየው እያንዳንዳችሁ በስልካችሁ እንደመዘገባችሁት ነው። ያነሳው ሰው ይህን ረስቷል። ሟቹ ግን ስሙን አይቶ፣ ማን እንደዚያ እንደሚለው አወቀ። እስቲ ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉልኝ።»

በሟቹ ስልክ መደወል ጀመረች። የርዕሰ መምህሩ ስልክ «ኬሚስትሪ» አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስልክ «ጠመኔው» አለ። ሦስተኛው ስልክ ሲጠራ የሒሳብ መምህርቷ በመዳፏ ልትከድነው ሞከረች። ኢንስፔክተሯ እጇን ቀስ ብላ አነሳችው።

«ወንድምዬ» ይላል።

መምህርቷ ክው አለች። «ምክትል ርዕሰ መምህርነቱን ለእሱ ሊሰጡት ነበር! ሃያ ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ እሱ፣ ሁልጊዜ እሱ! ትንሽ ይሸማቀቅ ብዬ ነው የለጠፍኩት። ከዚያ መጥቶ ነገ ለኮሚቴው እናገራለሁ አለኝ… ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም!»

ሚስቱ ከእቅፏ ተፈናጥራ ተነሳች። ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም።

«ሦስት ቀን ልጆቼን ያስተኛሽልኝ አንቺ። ‹አባታችሁ ኑሮ መሮት ነው› ያልሻቸው አንቺ፣ በቤቴ፣ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለሽ! አክስቴ ነው እኮ የሚሉሽ። አሁን ማን ገደለው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»