የመኖ ቤቱ ቁልፍ

ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከዓሣ ኩሬው የተሳበው የመጀመሪያ መረብ ሦስት ዓሣና የሳቢርን ሬሳ ይዞ ወጣ። ማጅራቱ በአካፋ ተመትቷል።

ኢንስፔክተር ንግሥቴ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወስደውን ቁልቁለት ወርዳ ስትደርስ፣ የሟቹን የሥራ ሸሪክ ባሲማን፣ ትናንት ተጣልተው ነበር በሚል፣ በካቴና ታስራ አገኘቻት። ንግሥቴ የዓሣ ሽታ አትችልም። አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ኩሬውን ዞረች። የምንጩን ውኃ የሚያስገባው ቦይ ደርቋል።

«መቼ ደረቀ?» ስትል የሟቹን ወንድም ሙእሚንን ጠየቀችው።

«እኔም ገርሞኛል። የዚህ ሳምንት የውኃ ተራ የእኛ ነበር።» ወደ ደረቀው ቦይ ጠቆመ። «ትናንት ማታ ስደውልለትም አላነሳም። ጎጆው እዚሁ ስለሆነ ተኝቷል ብዬ ተውኩት።»

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቱ የአራጋው ነጭ ሽንኩርት አለ። ንግሥቴ እስከ መጨረሻው መደብ ስትሄድ ጫማዋን ጭቃ ዋጠው። አራጋው ራሱ ከገበያ የመጣው አራት ሰዓት ላይ ነው።

«ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዚህ ሳልፍ ሳቢር እንደ ልማዱ መኖ ይበትን ነበር» አለ። «‹ደኅና አደርክ?› አልኩት። ‹አልሐምዱሊላህ› አለኝ። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ረዳቱን ጠይቁት። ከኔ በኋላ እዚህ የነበረችው እሷ ናት። ትናንትም ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ባሲማ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ ያመጣችው ሁሉ በዚህ ኩሬና በማድረቂያ ክፍሉ ላይ ነው የፈሰሰው። አምስት ሴቶች ዓሣ እያጸዱና እያደረቁ ይኖሩበታል። እሷ ወህኒ ከወረደች በሩ ይዘጋል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በሥራ ነገር። ቁልፍ ነጠቅኩት።» የሽርጧን ኪስ በታሰረ እጇ ዳሰሰች። «ወላሂ፣ በመጨረሻ ቀኑ ቁልፍ ነጠቅኩት!» ለቅሶው ሌላ ነገር እንዳትናገር ከለከላት።

ንግሥቴ ሁሉንም ዓሣ ማጽጃው ጠረጴዛ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ካቴናውን ፍታላት» አለችው ፖሊሱን። «ባሲማ፣ እነዚያን ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ቅደጂልኝ።»

ቢላዋው ሥራውን ሠራ። ኢንስፔክተሯ አፍንጫዋን ረስታ ጎንበስ አለች። አንጀታቸው ውስጥ ከጥቂት አረንጓዴ ዝቃጭ በቀር ምንም የለም።

«መኖው ምንድን ነው?»

«ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ» አለ ሙእሚን።

«እዚህ ፉርሽካ ይታያችኋል? ባሲማ፣ ምክንያቱን ንገሪያቸው።»

«ዓሣ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀን ይጾማል። ሆዱ ካልጸዳ ሲደርቅ ይበላሻል። ሳቢር አንጀቱ አልችል ብሎ ‹ትንሽ ልስጣቸው› አለ። ለዚህ ነው የመኖ ቤቱን ቁልፍ የነጠቅኩት።»

አራጋው ወደ አጥሩ ፈቀቅ አለ።

«አቶ አራጋው ጭቅጭቁን ሰምተዋል፤ ምክንያቱን ግን አላወቁም» አለች ንግሥቴ። «በየቀኑ ከአጥር ማዶ የሚያዩትን ወስደው ዛሬ አየሁ አሉ። ሙእሚን፣ ውኃው እስከ መጨረሻው የሽንኩርት መደብ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

«እንግዲያው ቦዩ ወደ ሽንኩርቱ የተጠለፈው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ሳቢር በሕይወት ቢኖር ቦዩ ሲደርቅ ዝም ብሎ አያድርም። ሊመልሰው ሄደ፤ ቦዩ ዘንድ አካፋ የያዘ ሰው አገኘ። ገዳዩም ሟቹን እስከ ንጋት በወሬ በሕይወት ማቆየት ነበረበት፤ ራሱ በሚኒባስ እስኪሄድ ድረስ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ አቶ አራጋው። ‹አልሐምዱሊላህ› ያለዎት ማነው?»

አራጋው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሽንኩርቴ ሊሞትብኝ ነበር» አለ።

«ሽንኩርቱስ ድኗል» አለች ንግሥቴ፤ ድምፅዋ በንዴት ሻከረ። «ውሰዱት።»

አራጋውን የጫነው መኪና ዳገቱን ሲጀምር ባሲማ መኖ ቤቱን ከፈተች። ዓሦቹ ኮቴዋን ሰምተው ወደ ዳር መጡ።

«ትናንት አንዲት እፍኝ ብፈቅድለት ምን ነበረበት?» አለች።

«ብትፈቅጂለት ኖሮ የአራጋው ውሸት እውነት ይመስል ነበር። አንቺም ዛሬ ወህኒ ነበርሽ» አለቻት ንግሥቴ።

ባሲማ ፉርሽካውን በሁለት እጇ ዘግና በተነች፤ ውኃው በዓሣ ተናወጠ።

«ብሉ» አለቻቸው። «ሳቢር ነው የላከላችሁ።»