ከገመዱ ወዲያ

አቶ ሳልሕ በሰማንያ ዓመታቸው በመርከብ የባሕር ወፍ ሊያዩ ሄደው አስከሬናቸው ተመለሰ። የወደቁት ሰው በማይኖርባት የሰሜን ደሴት፣ ጎብኚ እንዳያልፍ ገመድ ከታሰረበት ገደል ነው። ጥፋቱ የተላከከው በአስጎብኚው በቶሚ ላይ ነበር፤ የሮደልሃይም ሰፈር ልጅ ነው፣ እስር ይጠብቀዋል።

መርማሪ ሰገን ቃል ልትቀበል ሽቫንሃይም ሰፈር ለቅሶው ቤት ስትገባ ውጭ ይዘንባል። የሁሉም ጃኬት ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፤ አንዱ ብቻ በረንዳ ላይ ይበሰብሳል። ሰገን እንዲህ ያለውን ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ጠጋ ብላ አሸተተችና አፍንጫዋን ያዘች።

«የማን ነው?»

«የኔ» አለ ገመቹ፣ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት። በጉዞው ደግፎ የያዛቸው እሱ ነበር። «ሦስቴ አጠብኩት፣ እምቢ አለኝ።»

«ጋሽ ሳልሕ ሲወድቁ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከገመዱ ወዲህ። አልተሻገርኩም።» ይህን ሲል ጥግ የተቀመጠውን ቶሚን ቀና ብሎ አላየውም።

የሟቹ ልጅ ሳፍያ ጣቷን ቶሚ ላይ ቀሰረች። «ፓፓ ገመዱን ሲሻገር የት ነበርክ? አውፍዚኽት፣ ሰው መጠበቁ ያንተ ሥራ አይደል?»

«አንቺ አዳልጦሽ ላነሳሽ ዞሬ ነበር። ስመለስ ገመዱ እንደታሰረ ነው፣ እሳቸው ግን የሉም። ሰኞ ዐቃቤ ሕግ ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለኝ፤ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም።»

ሰገን ወደ ባለቤታቸው ወደ ሃዋ ዞረች። «እማማ፣ ጉልበታቸው እንዴት ነበር?»

«ካልሲ እንኳን የማለብሳቸው እኔ ነበርኩ። እግራቸው መች ይነሳል፣ ልጄ?»

ሰገን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«እግሩ የማይነሳ ሰው ወገብ የሚደርስ ገመድ አይሻገርም። ስለዚህ አንድ ሰው ፈትቶላቸዋል፤ ኋላም መልሶ አስሮታል። ቶሚ፣ ያ ጃኬት ምን ምን ይላል?»

ቶሚ ወጥቶ አሸተተና ፊቱ ተለዋወጠ። «ገደሉ ጫፍ ላይ የምትፈለፍል ግራጫ ወፍ አለች። የተጠጋት ሰው ላይ የዓሣ ዘይት ትተፋለች፤ ቢታጠብ አይለቅም። ግን ከሁለት ሜትር አያልፍም። ገመዱ ከጎጆዋ አሥር ሜትር ይርቃል።»

«እንግዲህ ከገመዱ ወዲህ የቆመ ሰው ይህ ሽታ አይነካውም» አለች ሰገን።

ዓይን ሁሉ ገመቹ ላይ ዐረፈ።

«ዓይናቸው ደካማ ነው» አለ ገመቹ። «ታላቅ ሰው ከኋላ ቆሞ ምን ያያል? ፈታሁላቸው። ይቅደሙ፣ አንቱ ይቅደሙ አልኳቸው። ወፏ ስትተፋብኝ ፊቴን ልሸፍን እጃቸውን ለቀቅኩ። ከዚያ ፈራሁና ገመዱን አሰርኩት። ቶሚ፣ በድዬሃለሁ።»

ሃዋ ወደ ገመቹ ቀና አለች። «ወፏን አዩዋት?»

«አዩዋት። ሳቁ።»

ሳፍያ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ገመቹ እርጥቡን ጃኬት ለበሰ። ሰገን በሩን ከፈተችና እንደ ልማዷ፣ «ይቅደሙ» አለችው።

ገመቹ ደፉ ላይ ቀረ። እግሩን ማንሳት አልቻለም።