ሃያ ስድስቱ ሳህኖች

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የእኛዋ ማሪት ካሜራዋን ልታጠፋ እጇን ስትሰድ የሰማችውን ልንገራችሁ።

ማሪት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ «ጌይ ሆኖ በትንሽ ከተማ መኖር» የሚል ዘጋቢ ፊልም ትሠራ ነበር። ከተማችን ከስንዴ መጋዘኑ ተነሥታ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ታልቃለች፤ ስለዚህ የሚጠየቁት አንድ ሰው ናቸው፤ ትራክተር ጠጋኙ ጋሽ ሎዌል። ከኦርጋን ተጫዋቻችን ከአርደን ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ፍቅረኛሞች መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም። አርደን በካቻምናው የበረዶ ወራት ሞቱ።

«ሰዉ እንዴት ነው ለእርስዎ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ጥሩ ነው። አንድም ቀን ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። መኪናዬ በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር ጎትተው ያወጡኛል፤ ምን ቀረኝ?» ሳቁ። ማሪት ካሜራዋን ልታጠፋ እጇን ስትሰድ፣ ዘይት የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «አርደን የሞተ ቀን ግን ፍሪጁን ባዶ አድርጌ ነበር» አሉ።

ማሪት ወዲያው ገባት። በእኛ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት ምግብ አይሠራም። ሴቶቹ ድንችና ሥጋ በጎድጓዳ ሳህን ጋግረው፣ ሳህኑ እንዳይጠፋ ክዳኑ ላይ ስማቸውን በፕላስተር ለጥፈው ያመጣሉ። ፍሪጅ ሞልቶ በረንዳ ላይ ይተርፋል።

«ስንት መጣ?»

«ምንም። ሰባ ኪሎ ሜትር ነድተው የአርደን እህት ቤት ወሰዱት፤ ሃያ ስድስት ሳህን! እሷ እኮ አሥር ዓመት ሙሉ አላነጋገረችውም።» ወዲያው ደንገጥ አሉ። «ይቺን ቁረጫት፣ እሺ? ኢንገር ብትሰማ ይከፋታል።»

እማማ ኢንገር የማሪት አያት ናቸው፤ ለሐዘን ቤት ምግብ የሚያደርሰው ኮሚቴ ኃላፊም እሳቸው። በዚያው ፊልም ላይ «እኛ ማንንም ለይተን አናውቅም» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ተናግረዋል። ፊልሙ አርብ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ከተማው በሙሉ በተሰበሰበበት ይታያል። ብትቆርጠው፣ ጋሽ ሎዌል እንደ ልማዳቸው ዋጥ አድርገውት ይቀራሉ። ባትቆርጠው፣ ያሳደጓት አያቷ ሰው ፊት ሊያፍሩ ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ላፕቶፑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው።

«አያቴ፣ ከሰው በፊት አንቺ እዪው።»

«ፀጉሬን ከሆነ አውቄዋለሁ፤ ጎመን መስሏል» ብለው ቀለዱ። ሎዌል ስለ ፍሪጁ ሲናገሩ ግን ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«እኛ እኮ... የሥጋ ዘመድ ጋ ነው የሚወሰደው ብለን...» አልጨረሱትም። በመስኮቱ ማዶ ወዳለው ወደ ጋሽ ሎዌል ቤት አዩ። «መብራቱ እኮ ከዚህ ይታየኛል፣ ማሪት። በየቀኑ ይታየኛል።»

«እሳቸው ቁረጪው ብለውኛል።»

«እንዳትቆርጪው! የኔንም ጉራ እዚያው ተዪው።» ይህን ብለው ድንች መላጥ ጀመሩ።

ምግቡ ሲደርስ ማሪት ፕላስተር ቆርጣ ክዳኑ ላይ የአያቷን ስም ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ከሥሩ የራሷን ጨመረች።

«ካሜራሽስ? ለፊልምሽ ጥሩ መጨረሻ አይሆንም?» አሉ አያቷ ኮታቸውን እየለበሱ።

ማሪት ካሜራዋን አየችው። ግሩም መጨረሻ ይሆን ነበር፤ ያንን አላጣችውም። ጠረጴዛው ላይ ተወችውና ትኩሱን ሳህን በፎጣ ይዛ አነሣች።

ጋሽ ሎዌል በሩን ከፍተው መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ሴቶች አዩ።

«ምነው? ደግሞ ማን ሞተ?»

«አርደን» አሉ እማማ ኢንገር።

ሰውየው ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረግ አደረጉና፣ «ግቡ እንጂ፣ በረዶ ላይ አትቁሙ። ፍሪጁ ውስጥ ቦታ ላመቻች» አሉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላውን ብትረሱት አልቀየማችሁም። ፍሪጁን ባዶ አድርጎ የጠበቀውን ሰው ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ።