«አይጠፋም» የተባለው ሰዓት

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ዛሬውኑ ምላሴ ይቆረጥ። ከላይ እስከ ታች እውነት ነው።

ሬሳው የተገኘው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በብረት መጭመቂያው ማሽን ሥር ነው። ሟቹ ፋብሪካው የሚሠራቸውን ማሽኖች ሞካሪ ሲሆን ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። «በእጄ ያልሞከርኩትን ለሰው እጅ አልሰጥም» እያለ ሠላሳ ዓመት ሲሞክር እንኳን ማሽን ዝንብም ነክታው አታውቅም። የዚያን ጠዋት ግን መጭመቂያው እስከ ትከሻው ደቆሰው።

አለቃው ወዲያው ወረቀት ሞላ፦ «በራሱ ቸልተኝነት ሞተ»።

መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ስትወለድ ከማልቀሷ በፊት አዋላጇን «ለምን?» ብላ ጠይቃለች ይባላል። ወረቀቱን አንብባ ቱግ አለች።

«ሬሳው ሳይነሳ ጥፋተኛው ተገኘ? ፈጣን ነዎት ጌታዬ!»

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለ አለቃው። ቢሮው ውስጥ ወዳለው ማሳያ ማሽን ወስዷት እጁን አስገባ። የማሽኑ የብርሃን ዓይን እጁን አየና መጭመቂያው ቀጥ አለ። «አዩ? ሰውዬው ተዘናግቶ ነው።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ቡሎን» ግን የገደለውን ማሽን ፈቶ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ሽቦው ደህና ነው። ዓይኑ ግን ሰዓት አይደርሰውም።»

«የምን ሰዓት?»

«እሷን ይጠይቋት» አለና ጥግ ላይ ወደተቀመጠች ልጅ ጠቆመ። የማሽኑን ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ ናት፤ የጋሼ ልጅ።

«አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ቀስ በይ ልጄ። አስረጂኝ።»

«የማሽኑ አንጎል፣ ቺፑ፣ ውስጥ ያለው ክፍል ሁሉ የሚሠራው የሰዓት ምት ሲደርሰው ነው። ማሽኑ ሲነሳ የፕሮግራሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ማንም ‹የኔ ነው› ያላለውን ሰዓት ኃይል ለመቆጠብ ያጠፋዋል። የዓይኑን ሰዓት የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ሰዓቱን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ስጽፍ ‹አይጠፋም› የሚል መስመር አስገብቼ ነበር። አሁን የለም። የለውጦች መዝገቡ ሐሙስ ቀን በስሜ ተሰረዘ ይላል። እኔ አላስታውስም... ምናልባት ሳላውቅ...»

«ባንቺ ኮምፒውተር ሌላ ማን ይሠራል?»

«ሁላችንም። እዚህ ቤት ለውጥ የሚላከው በዚያች አንዲት ኮምፒውተር ነው፤ የማንም ሥራ በስሜ ይገባል።»

«ማሽን የገዛን ደንበኛ ደግሞ ኃይል ይበላል ብሎ መልሶብን ነበር» አለ ቡሎን።

ወይዘሮ ለምን ሦስቱንም አለቃው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ይኼ ማሳያ ማሽንና የገደለው ማሽን የጫኑት አንድ ፕሮግራም ነው። መስመሯ ሁለቱም ላይ የለችም። ታዲያ ለምን የእርስዎ ቆመ? ልጄ፣ ይኼኛው ሲነሳ የሚቀበለውን ትእዛዝ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ስክሪኑ ላይ አጎንብሳ ስታነብ ድምጿ ተለወጠ። «‹ያልተጠየቀ ሰዓት አታጥፋ› ይላል። ይኼ እኮ... መስመሬ ካለ አያስፈልግም! መሰረዟን የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። ሐሙስ፣ በተሰረዘች በአራተኛው ደቂቃ።»

«ይህ ቢሮ በማን የጣት አሻራ ነው የሚከፈተው?»

«በአለቃ ብቻ» አለ ቡሎን ጥርሱን ነክሶ።

መርማሪዋ ጠረጴዛውን ደለቀችው። «ኃይል ቆጠበ እንዲባልልዎ መስመሯን ከሁሉም ማሽን አወጡ። የቆጠቡት ያንዲት አምፖል ሩብ አይሞላም! እንግዳ ፊት እጅዎን የሚያስገቡበትን ግን አተረፉ። ጋሼ እጅ አልነበረውም?»

«ችግር ካለው... ሙከራ ላይ ይገኛል ብዬ ነው» አለ አለቃው።

«ተገኘ!» አለች።

ልጅቷ ቀና አለች። «እንግዲህ አባዬን...»

«አልገደልሽውም። እሱም አልተዘናጋም። ይኸው።» አለቃው የሞላውን ወረቀት ቦጫጭቃ ልጅቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

አለቃው እጁ ላይ ካቴና ሲገባ ከልጅቷ ፊት ቆሞ «ይቅር በይኝ» አላት።

ከዚህ ሁሉ ከኪሴ የጨመርኩት ይቺን የመጨረሻዋን ይቅርታ ብቻ ነው። ይቅር በይኝ አላላትም። ዞር ብሎም አላያት።