የወንዝ ዳር ቋጠሮ

ዶፉ መንገዱን ጠራርጎ ስለወሰደው መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ልብስ ሰፊው ወታደር ጠመንጃውን አንግቶ፣ እጁ የታሰረውን ምርኮኛ እየነዳ ጫካ ገባ። በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ባለው ጦር ሰፈር የምርኮኛ ልውውጥ አለ። ምርኮኛው በጊዜ ከደረሰ ቤቱ ይገባል፤ እሱ ከተማረከ በኋላ የተወለደችውን ልጁን ዓይኗን ያያል።

ሰውየው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ በዕድሜም ጠባቂውን ይበልጠዋል። ወራት አንድ ግቢ ከርመው፣ ከአንድ ሳህን በልተው፣ ጠላትነታቸውን ረስተውታል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ከመኪናው ራቅ እንዳሉ ገመዱን ፈታለት።

«ጋሼ፣ እንዳታመልጠኝ!»

«ወዴት አባቴ? ይልቅ ሱሪህን ከእሾህ አድን። እንዲህ ተበጫጭቀህ ልብስ ሰፊ ነኝ ብትል ማን ያምንሃል?»

ረግረጉ ላይ ሲደርሱ ሳቁ ጠፋ። ሸምበቆው ተሰነጠቀና ጉማሬ ተንደርድሮ መጣባቸው። ልብስ ሰፊው ሲሸሽ ጭቃው አዳልጦት ወደቀ። ዓሣ አጥማጁ ግን አንገትጌውን ጨምድዶ ጎተተው፤ ዛፍ ላይ ገፍቶ ሰቀለው፤ ራሱም ተከትሎ ወጣ። ጉማሬው ከሥር ሲያጓራ አመሸና ሄደ።

ጠዋት ወንዙ ዳር ደረሱ። ሞልቶ ይጋልባል። ዛፍ ሥር አንድ ታንኳ አለ፤ ከማዶ የጦር ሰፈሩ ዘበኞች ይታያሉ።

«ተፈትተህ ካዩህ አለቀልኝ፣ ጋሼ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ታዲያ እሰረኝ! በእኔ የተነሳ አትቀጣ። ደግሞ ጠበቅ አድርገው፤ የውሸት እንዳይመስል።»

ጠበቅ አደረገው፤ የፊጥኝ። መቅዘፍ የሚያውቀው ታስሮ ተቀመጠ፤ ከመርፌና ከጠመንጃ በቀር ምንም ጨብጦ የማያውቀው ቀዘፈ። «ግራ! ወደ ግራ በል!» እያለ ዓሣ አጥማጁ ሲጮህ፣ ጎርፍ ያመጣው ግንድ መትቶ ታንኳውን ገለበጠው።

ልብስ ሰፊው በአንድ እጁ ታንኳውን፣ በሌላው ቋጠሮውን ያዘ። ውሃ የጠጣው ገመድ አልላላም አለ። ጥፍሩ እስኪነቀል ታገለ። «ይቅርብህ፣ ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ እጁ ባዶ ሆነ።

ዘበኞቹ ጎትተው አወጡት። የጦር ሰፈሩ አዛዥ አጠገቡ ተንበረከከ።

«ከዚህ ሆነን ስናያችሁ ግራ ገብቶን ነበር» አለው። «ዛሬ ቤቱ የሚገባ ሰው እኮ ነው! ማን እሰረው አለህ?»

ልብስ ሰፊው የሚደሙ ጣቶቹን ደረቱ ላይ ጨብጦ አለቀሰ። እሰረው ያለው አለቃ አልነበረም።